በሰው አገር ዕውቀት፣ ለገዛ አገር ሥራ
የሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ሕይወት ለዛሬ ወጣት ምን ይነግረዋል?

አዘዞ ላይ ቆሞ ለሚመለከት ሰው መንገዱ በሦስት ይከፈላል። አንዱ ወደ ጎንደር ከተማ ይወጣል፤ ሁለተኛው ወደ መተማ ይወርዳል፤ ሦስተኛው በጣና ምሥራቃዊ ዳርቻ አልፎ ወደ ባሕር ዳር ይዘልቃል። አራተኛም መንገድ አለ፤ እርሱ ግን የሰማይ ነው። በአፄ ቴዎድሮስ ስም የሚጠራው የጎንደር አየር ማረፊያ የሚገኘው በዚሁ በአዘዞ ስለሆነ፣ ለትምህርት ወደ ሩቅ አገር የሚሄድ የጎንደር ልጅ ቤተሰቡን ተሰናብቶ የአገሩን ተራራ ከላይ የሚያየው ከዚህ ሜዳ ተነሥቶ ነው። እናት ታለቅሳለች፤ አባትም «ተምረህ ተመለስ» ይላል። «ተምረህ» የሚለው ቃል ቀላል ነው። ከባዱ «ተመለስ» የሚለው ነው።

አዘዞ ይህን ነገር የምታውቀው ከዛሬ ጀምሮ አይደለም። በ17ኛው ምእት ዓመት አፄ ሱስንዮስ በዚህ ስፍራ ቤተ መንግሥትና ገነተ ኢየሱስ የተባለውን ቤተ ክርስቲያን አሠርተው ነበር። ከአውሮፓ የመጡት የኢየሱሳውያን ማኅበር መነኮሳት በኖራ የመገንባትን ጥበብና ሌላም ዕውቀት ይዘው በቤተ መንግሥቱ ተሰሚነት አገኙ። ነገር ግን ዕውቀቱ ብቻውን አልመጣም፤ የአገሩን ሃይማኖት ለውጡ ከሚል ትእዛዝ ጋር ተጣምሮ መጣ። ስለዚህ ወንድም ከወንድሙ ተዋጋ፤ ብዙ ደምም ፈሰሰ። በመጨረሻ ንጉሡ በ1624 ዓ.ም. ሕዝቡ ወደ ቀደመው ሃይማኖቱ ይመለስ ብለው አዋጅ አስነገሩ፤ ዙፋኑንም ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ሲሞቱ የተቀበሩት እዚሁ አዘዞ፣ በገነተ ኢየሱስ ነው። አፄ ፋሲለደስም መነኮሳቱን ከአገር አስወጥተው በሩን ዘጉ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ጥያቄው ይህ ነው። የባዕድን ዕውቀት ከነጌትነቱ መቀበል አገርን ያውካል፤ በሩን ዘግቶ መቀመጥ ደግሞ አገርን ወደ ኋላ ያስቀራል። ከሁለቱ የተለየ ሦስተኛ መንገድ የለምን? መንገዱ መኖሩን በሕይወቱ ካሳዩት ሰዎች አንዱ ከአዘዞ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ በጎንደር ከተማ የተወለደው ወርቅነህ እሸቴ ነው። ሐኪም፣ መምህር፣ አገረ ገዥ፣ የሥራ ውል ተዋዋይ፣ በመጨረሻም በአገሪቱ የጭንቅ ሰዓት በለንደን ሚኒስትር የነበረው ሰው ይህ ነው።

ከመቅደላ እስከ በርማ

ወርቅነህ የተወለደው በ1857 ዓ.ም. አካባቢ ነው። ዘመኑ የመከራ ዘመን ነበር። አፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን አቃጠሉ፤ ብዙ ሰውም ከቀዬው ተነቅሎ ሄደ። የሕፃኑም ቤተሰብ ዕጣ መቅደላ ሆነ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በጄኔራል ናፒዬር የሚመራው የእንግሊዝ ጦር አምባውን ሲይዝና ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸውን ሲገድሉ፣ ገና አራት ዓመት ያልሞላው ልጅ በግርግሩ ከወላጆቹ ተለየ። ኮሎኔል ቻምበርሌን የተባለ የእንግሊዝ መኰንን አነሣውና ይዞት ወደ ሕንድ ተሻገረ።

ከዚያው አምባ ሌላም ልጅ ተወስዷል። እርሱም የአፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ነው። ልዑሉ በእንግሊዝ አገር በክብር ቢያዝም አገሩን እንደ ናፈቀ በ1872 ዓ.ም. በዐሥራ ስምንት ዓመቱ ሞተ፤ አስከሬኑም በዊንዘር ቀረ። ስለ ልዑሉ ብዙ ተጽፏል፤ ብዙም ተለቅሷል፤ ተገቢም ነው። የነጋድራስ እሸቴ ልጅ ግን ዘውድ ያልነበረው ልጅ ስለሆነ ማንም አላሰበውም። ዳሩ ግን የተመለሰው እርሱ ነው።

በሕንድ አገር ልጁ ስሙ ጠፋ። ከአሳደጉት መኰንኖች ስም ተወስዶ ቻርልስ ማርቲን ተባለ፤ ቻምበርሌን ከሞተ በኋላ የትምህርቱን ወጪ የቻለው ኮሎኔል ማርቲን ነበርና። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማረ፤ በላሆር የሕክምና ትምህርት ቤት ገብቶ በ1874 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ቀጥሎም ወደ ስኮትላንድ ሄዶ ትምህርቱን አሰፋ። ከዚያም በእንግሊዝ መንግሥት አገልግሎት ሐኪም ሆኖ በበርማ ተሾመ። ደመወዙ የታወቀ፣ ጡረታው የተጠበቀ፣ መኖሪያውም የተዘጋጀ ሆነ። አማርኛ አያውቅም። የእናቱን ፊት አያስታውስም። በወረቀት ላይ ስሙን ያነበበ ሰው ሁሉ እንግሊዛዊ ነው ቢል አይፈረድበትም ነበር።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ የሆነው ነገር በዓለም ጋዜጦች ተሠራጨ። የኢትዮጵያ ስም በእስያ አገሮች ሳይቀር ተነገረ። ዶክተር ማርቲንም ልቡ ተነሣሣና ፈቃድ አውጥቶ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ላይ ወደ ኢትዮጵያ መጣ።

የተገኘው ስም

አዲስ አበባ ሲደርስ ከመቅደላ የጠፋ ልጅ ሐኪም ሆኖ መጣ የሚል ወሬ ተሰማ። ዳግማዊ ምኒልክም ተቀበሉት። በኋላ አንዲት አሮጊት አያቱ ነኝ ብለው ቀረቡ። ማስረጃቸው ወረቀት አልነበረም፤ በልጅነቱ በክንዱና በእግሩ ላይ የቀረውን ጠባሳ ጠቅሰው ተናገሩ። ቢታይ ጠባሳው አለ። ቻርልስ ማርቲን ወርቅነህ እሸቴ መሆኑን ያወቀው በዚህ ዓይነት ነው።

ወደ ሦስት ዐሥርት ዓመት ግድም ያለ ስሙ ለኖረ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ስም ማግኘትና አገር ማግኘት አንድ አይደሉም። ሐኪሙ ወደ በርማ ተመለሱ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ እንደገና መጥተው በእንግሊዝ ለጋሲዮን ሐኪምነት አዲስ አበባ ሠሩ፤ ምኒልክ በታመሙ ጊዜም ተጠርተዋል። ዳግመኛም ወደ በርማ ሄዱ። ለዘለቄታው የተመለሱት ጡረታቸውን ካገኙ በኋላ በ1911 ዓ.ም. ገደማ፣ ዕድሜያቸው ከሃምሳ ካለፈ በኋላ ነው።

ይህን የሚያነብ ወጣት «ታዲያ ጉልበታቸውን ለሰው አገር ሰጥተው ለእኛ ሽምግልናቸውን አመጡ» ይል ይሆናል። መልሱን ከዚያ በኋላ የሠሩት ሥራ ይስጠው። ሌላው ሰው አርፎ ጡረታውን በሚበላበት ዕድሜ እርሳቸው ሥራ ጀመሩ።

መምህርና አልጋ ወራሽ

ያን ጊዜ በአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ዙሪያ አገሪቱን በትምህርትና በሥርዓት ለማደስ የሚሹ ጥቂት የተማሩ ሰዎች ተሰብስበው ነበር። በ1916 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ሆነች፤ በዚያው ዓመት ስለ ባሪያ ነጻነት አዋጅ ወጣ። ሐኪም ወርቅነህ ነጻ ለወጡት ልጆች ትምህርት ቤት እንዲቋቋም ደከሙ። አዋጅ ሰንሰለት ይፈታል፤ የተፈታው ልጅ ግን ፊደልና የእጅ ሥራ ካልተማረ ነጻነቱ ረሃብ ይሆንበታል የሚል ነበር ሐሳባቸው። ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በ1917 ዓ.ም. ሲከፈትም የበላይ ተቆጣጣሪው እርሳቸው ሆኑ። ለተማሪ የሚሆን የጂኦግራፊ መጽሐፍም በአማርኛ አዘጋጁ። ይህን ልብ ይሏል፤ በልጅነቱ አማርኛን የተነጠቀ ሰው ዓለምን ለኢትዮጵያ ልጆች በአማርኛ ሊያሳያቸው ተነሣ።

የጣና ጉዳይ

ነገር ግን የሐኪም ወርቅነህ አገር ወዳድነት በይበልጥ የተፈተነው በጣና ጉዳይ ነው፤ ይህም ለጎንደር ሰው ሩቅ ወሬ አይደለም።

እንግሊዞች በግብፅና በሱዳን ስላለው የጥጥ እርሻ ሲሉ በዓባይ ውኃ ላይ ብርቱ ዓይን ነበራቸው። በ1894 ዓ.ም. ከምኒልክ ጋር በተደረገው ውል፣ ከእንግሊዝና ከሱዳን መንግሥት ጋር ሳይስማሙ ውኃውን የሚያቋርጥ ሥራ በዓባይ፣ በጣናና በሶባት ላይ እንዳይሠራ ተጽፏል። ከዚያም በ1918 ዓ.ም. እንግሊዝና ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ሳያማክሩ ተጻጻፉ፤ እንግሊዝ በጣና ላይ ግድብ ለመሥራት፣ ኢጣሊያም በኢትዮጵያ ምድር የባቡር ሐዲድ ለመዘርጋት እርስ በርስ ሊደጋገፉ ተስማሙ። ራስ ተፈሪ ነገሩን ለመንግሥታት ማኅበር አቀረቡት። ሁለቱ መንግሥታት ክፉ አላሰብንም ብለው መልስ ለመስጠት ተገደዱ።

አቤቱታ ብቻውን ግድብ አይሠራም። ስለዚህ ኢትዮጵያ የራሷን መሐንዲስ ራሷ መርጣ ልትቀጥር አሰበች። ለዚህ ሥራ የተላከው ሰው ማን ነበር? እንግሊዝ ያሳደገችው፣ ያስተማረችውና ጡረታ የሰጠችው ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ። በ1920 ዓ.ም. ወደ ኒውዮርክ ተሻግረው ጄ. ጂ. ዋይት ከተባለው የአሜሪካ የምሕንድስና ኩባንያ ጋር ተነጋገሩ። ወሬው በጋዜጣ ሲወጣ፣ ወጪውም ሃያ ሚሊዮን ዶላር ያህል ነው ሲባል፣ በለንደን ብዙ ሰው ደነገጠ። ያች ተራራ ላይ ያለች አገር እኛን ሳትጠይቅ እንዴት ከአሜሪካ ኩባንያ ጋር ትዋዋላለች የሚል ነበር ድንጋጤው። ሐኪሙ በዚያው ጉዞ ጥቁር አሜሪካውያን የሚኖሩበትን ሃርለምን ጐብኝተው፣ የእጅ ሙያና ትምህርት ያላቸው ሰዎች መጥተው ከኢትዮጵያ ጋር እንዲሠሩ ጋበዙ።

እዚህ ላይ ነው የሰውየው ትርጉም የሚገለጠው። የእንግሊዝን ቋንቋ፣ የእንግሊዝን ሕግ፣ የኩባንያን ሒሳብና የውልን አንቀጽ የተማሩት ከእንግሊዞች ነው። ነገር ግን ዕውቀቱን ሲያውሉት ለአስተማሪው ሳይሆን ለአገራቸው አዋሉት። ይህ ውለታ ቢስነት አይደለም። ሰው ስንዴ ከተበደረ የሚመልሰው ስንዴ ነው፤ እርሻውን ግን አያስረክብም።

የዋይት ኩባንያ መሐንዲሶች በ1923 ዓ.ም. መጥተው ጣናን አጠኑ። ጥናቱ ተጻፈ፤ ስብሰባም ተደረገ፤ ግድቡ ግን ሳይሠራ የፋሽስት ጦርነት ደረሰ። ከብዙ ዘመን በኋላ በ1980ዎቹ መጨረሻ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት በቻራ ቻራ የውኃ መቆጣጠሪያ ተሠራ፤ በ2002 ዓ.ም. የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ተመረቀ፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ በጉባ ተመረቀ። በእነዚህ ሥራዎች ላይ የሐኪም ወርቅነህ ስም አልተቀረጸም። ሆኖም ኢትዮጵያ በገዛ ውኃዋ ላይ በገዛ ፈቃዷ መሐንዲስ ትቀጥራለች የሚለውን ነገር ቀድመው ባሕር ተሻግረው ከተናገሩት አንዱ እርሳቸው ናቸው።

ከሕንድ ውቅያኖስ ማዶም

እንዲህ ያለ ታሪክ የእኛ ብቻ አይደለም። ኢንዶኔዥያ እ.ኤ.አ. በ1945 ነጻነቷን ስታውጅ ከወጣቶቹ አርበኞች አንዱ ሱዳርፖ ሳስትሮሳቶሞ ይባል ነበር። አገሩ ከሆላንድ ጋር በምትታገልበት ጊዜ ከመልእክተኞቿ ጋር በተባበሩት መንግሥታት ዘንድ ሠራ። በኋላ ግን ባንዲራ ብቻውን ዕቃ እንደማይጭን አስተዋለ። በብዙ ሺህ ደሴት የተከፋፈለች አገር መርከብ ከሌላት ነጻነቷ ጎዶሎ ነውና፣ እ.ኤ.አ. በ1964 ሳሙዴራ ኢንዶኔዥያ የተባለውን የመርከብ ኩባንያ አቋቋመ። ሁለቱ ሰዎች አይተዋወቁም፤ አንዱ የሌላው አያት ሊሆን ይችል ነበር። ያስተዋሉት ነገር ግን አንድ ነው። ነጻነት በጦር ሜዳ ይገኛል፤ በጉባኤ ይከበራል፤ የሚጸናው ግን በግድብ፣ በመንገድ፣ በመርከብና በትምህርት ቤት ነው።

የጨርጨር አገረ ገዥ

ሐኪም ወርቅነህ ይህን ሐሳብ በተግባር እንዲሞክሩ ዕድል ያገኙት የጨርጨር አገረ ገዥ በሆኑ ጊዜ ነው። መቀመጫቸው አሰበ ተፈሪ ነበረ። ጨርጨር ቡና የሚበቅልበት ደጋ ነው፤ የጅቡቲ ባቡርም ከሥሩ በቆላው ያልፋል። ቡናው ወደ ሐዲዱ የሚወርድበት መንገድ ከሌለ ግን ገበሬው ለፍቶ ሌላው ይከብራል። ስለዚህ የመንገድ ሥራ ዋና ጉዳያቸው ሆነ። አውራጃው ለሌሎቹ አርአያ እንዲሆን ታስቦ ነበርና፣ ሹም ከሕዝብ ጓዳ ሳይሆን ከታወቀ ደመወዝ እንዲኖር፣ ገበሬውም የሚከፍለውን ግብር አስቀድሞ እንዲያውቅ የሚል አዲስ አሠራር ተጀመረ።

ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ ሆይ፣ ይህ ነገር ለአንተ የቆየ ታሪክ ብቻ መስሎ እንዳይታይህ። ባለጉዳይ «ነገ ና» ሲባል፣ መዝገብ ሲጠፋ፣ ግብር ከፋዩ የሚከፍለውን ሳያውቅ ሲቀር፣ ጉዳዩ ያው የጨርጨር ጉዳይ ነው። ሐኪሙ የመንግሥት አገልግሎትን ሥርዓት በበርማ ያዩት በገዥው በኩል ቆመው ነው። ጨርጨር ላይ ግን ሥርዓቱን ወስደው ገዥነቱን ለመተው ሞከሩ። ጊዜ አልበቃቸውም። ሥራው ሥር ሳይሰድ ወደ ለንደን ተጠሩ።

የለንደን ዘመን

በ1927 ዓ.ም. የወልወል ጠብ ተነሥቶ የኢጣሊያ ጦር በቀይ ባሕር ዳር ሲከማች፣ የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው በለንደን የተቀመጡት ሐኪም ወርቅነህ ነበሩ። ዕድሜያቸው ሰባ ደርሷል። እንግሊዝ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ እንዳይሸጥ ከለከለች። በወረቀት ላይ እኩልነት ይመስላል፤ ነገር ግን ኢጣሊያ የራሷ ፋብሪካ አላት፤ ኢትዮጵያ የላትም። ሽማግሌው ሚኒስትር በየስብሰባው ቆመው ይህን አስረዱ፤ ለጋዜጦች ጻፉ፤ ለቁስለኛ መርጃ የሚሆን ገንዘብ ለመኑ። በመቅደላ የወሰዳቸውን መንግሥት በራሱ ቋንቋ «ቃልህን ጠብቅ» አሉት። ወይዘሮ ሲልቪያ ፓንክረስትም የኢትዮጵያን ጉዳይ ይዘው ጋዜጣ አወጡ፤ የመጀመሪያው ዕትም ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ ጦር አዲስ አበባ በገባበት ቀን ታተመ።

ግንቦት 26 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ በስደት ለንደን ሲገቡ በዋተርሉ ጣቢያ ብዙ ሕዝብ ተቀበላቸው። ሕዝቡ ሲያጨበጭብ መንግሥቱ ግን ዝም አለ። ከሁለት ዓመት በላይ ጥቂት ቆይቶም የኢጣሊያን ወረራ ዕውቅና ሰጠ።

ከሁሉ የከበደው መርዶ ግን የመጣው ከአገር ቤት ነው። ልጆቻቸው ቢንያምና ዮሴፍ በእንግሊዝ አገር ምሕንድስና ተምረው ነበር። ጦርነቱ ሲነሣ በለንደን መቀመጥ ይችሉ ነበር፤ አልተቀመጡም። ወደ አገራቸው ገብተው በምዕራብ ከተሰባሰቡት ወጣት ምሁራን ጋር በጥቁር አንበሳ ማኅበር ተሰለፉ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ፋሽስቶች የተማረውን ወጣት እየለቀሙ ሲፈጁ ሁለቱም ወንድማማቾች ተገደሉ። አባትየው በልጅነታቸው ሳይወዱ ከአገር ተወሰዱ፤ ልጆቻቸው ወደው ወደ አገር ተመለሱ። አባት ለልጁ የሚያወርሰው ርስት ከዚህ የበለጠ ምን አለ? ዋጋውስ ከዚህ የከበደ የት ይገኛል?

ሐኪም ወርቅነህ ከነጻነት በኋላ ወደ ኢትዮጵያ ተመልሰው በመስከረም ወር 1945 ዓ.ም. ዐረፉ። ለብዙ ዓመታት በእንግሊዝኛ የጻፉት የቀን ማስታወሻ ለታሪክ ሰዎች ትልቅ ምንጭ ሆኗል። ፒተር ጋረትሰን የተባለው የታሪክ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተመው የሕይወት ታሪካቸው ርእስ ላይ የቪክቶሪያ ዘመን ጨዋም፣ የኢትዮጵያ አገር ወዳድም ብሎ ጠርቷቸዋል። ሁለቱ ስሞች በአንድ ሰው ላይ ሊገኙ መቻላቸው ነው የሕይወታቸው ቁም ነገር።

ምን እንማራለን?

አፄ ሱስንዮስ በአዘዞ ያላገኙትን ሚዛን ሐኪም ወርቅነህ ለማግኘት ደክመዋል። ዕውቀት ከየትም ይምጣ፤ ጥያቄው ማን አስተማረህ አይደለም። ማንን ታገለግልበታለህ ነው እንጂ። ሐኪሙ ፍጹም ነበሩ ለማለት አይደለም፤ መመለሳቸውም ፈጥኖ አልሆነም። የጣናው ግድብ በዘመናቸው አልተሠራም፤ የጨርጨሩም ሥራ በጦርነት ተቋረጠ። ነገር ግን ከእርሳቸው በኋላ የመጣው ትውልድ ሥራውን ከዜሮ እንዳይጀምር አድርገዋል።

ዛሬ የተማረ ወጣት በሰው አገር መቅረቱን አንሥቶ መውቀስ ቀላል ነው። ለሚመለሰው ግን ሥራና ቦታ አዘጋጅቶ መጠበቅ የወቃሾቹ ፈንታ ነው። ራስ ተፈሪ ሐኪሙን «እንኳን ደህና መጡ» ብለው ብቻ አላሰናበቷቸውም፤ ትምህርት ቤት ሰጧቸው፤ ውል እንዲዋዋሉ ላኳቸው፤ አውራጃ ሾሟቸው። ሰው ወደ አገሩ የሚስበው ናፍቆት ነው፤ በአገሩ የሚያስቀምጠው ግን ሥራ ነው። እንግዲህ የሚሄደው የመመለሱን ነገር፣ የቀረውም የመቀበሉን ነገር አስቀድሞ ያስብበት። የመቅደላው ልጅ ጠባሳውን የሚያውቅ ሰው ባያገኝ ኖሮ ቻርልስ ማርቲን እንደ ተባለ በርማ ይቀር ነበርና።